አንድ መዝገብ እስከ መጨረሻው አንብቡ፦ በሐዋሳ ፍርድ ቤቶች ለልምምድ ለምትመደቡ የሕግ ተማሪዎች

ውድ የሕግ ተማሪዎች፣

ረጅም ዘመን በዳኝነትና በጥብቅና ያገለገልሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬም ሐዋሳ ውስጥ ለባለጉዳዮች ምክር ስሰጥ ለኤክስተርንሺፕ፣ ማለት ለተግባር ልምምድ፣ ወደ ፍርድ ቤት የተመደቡ ተማሪዎችን በየጊዜው አገኛለሁ። ትጉሆች ናቸው፤ በጠዋት መጥተው ከችሎቱ የኋላ ወንበር ይቀመጣሉ፣ የሰሙትን ሁሉ ይጽፋሉ። ሆኖም በአንድ ጠዋት ከሚጠሩት መዝገቦች ብዙዎቹ መጥሪያ አልደረሰም፣ ምስክር አልቀረበም፣ መዝገቡ ተመርምሮ አላለቀም እየተባለ ለሌላ ቀጠሮ የሚተላለፉ ስለሆነ፣ ተማሪው የብዙ ክርክሮችን ቁራጭ አይቶ የአንዱንም መጨረሻ ሳያይ ይመለሳል። ስለዚህ አስቀድሜ የምመክራችሁ፣ የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ፣ ሬጅስትራሩን፣ በትሕትና ጠይቃችሁ፣ ውሳኔ ያገኘና አፈጻጸሙም ያለቀ አንድ የፍትሐ ብሔር መዝገብ እዚያው መዝገብ ቤት ተቀምጣችሁ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንድታነቡ ነው።

የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከጎናችሁ ይሁን። የክስ አቤቱታውን ከቁጥር 222፣ የመከላከያ መልሱን ከቁጥር 234 ጋር እያስተያያችሁ፣ ጠበቃው ወይም ማመልከቻ ጸሐፊው ምን እንዳሟላና ምን እንዳጎደለ ለዩ። ከዚያ ቁሙ። ፍርድ ቤቱ የያዘውን ጭብጥ ከማንበባችሁ በፊት ተከራካሪዎቹ በእርግጥ የሚለያዩበትን ነጥብ በራሳችሁ ጻፉት፣ ቀጥሎም ከዳኛው ጭብጥ ጋር አስተያዩት። በእኔ እምነት ከዚህ የበለጠ የሕግ ባለሙያን የሚያሠለጥን ሥራ የለም፤ ጭብጡን የሳተ ክርክር የቱንም ያህል ማስረጃ ቢከመርበት መንገዱን አያገኝም።

ተማሪዎች ቸል የሚሉት፣ እኔ ግን አጥብቄ የማሳስበው፣ የአፈጻጸሙን ክፍል ነው። በቁጥር 378 መሠረት የፍርድ ባለመብቱ የአፈጻጸም አቤቱታ ሲያቀርብ ብዙ ሰው ክርክሩ እንዳበቃ ያስባል፤ ለባለጉዳዩ ግን ከሁሉ የከበደው ወቅት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። «ተከሳሽ ይዞታውን ለከሳሽ ያስረክብ» የሚል ፍርድ የይዞታውን ወሰን በአራቱም ማዕዘን ካልገለጸ፣ አፈጻጸሙን እንዲከታተል የታዘዘው ሰው ከቦታው ደርሶ የት እንደሚቆም አያውቅም፤ አዲስ ክርክር ይነሣል፤ ያሸነፈው ሰው ያሸነፈበትን ወረቀት ይዞ ይመላለሳል። ይህን በመዝገብ ላይ ያየ ተማሪ፣ ነገ ዳኛ ቢሆን የውሳኔውን ክፍል፣ ጠበቃ ቢሆን የሚጠይቀውን ዳኝነት በጥንቃቄ ይጽፋል።

ቀጥላችሁ የተሸነፈውን ሰው ፈልጉት፤ በአካል ሳይሆን በወረቀቱ ላይ። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ሲሉ፣ ሰው ትልቅ ሀብት ቢያጣ እንኳ በፍርድ ከሆነ ሊቀበለው እንደሚችል መናገራቸው ነው። ይህ የሚሆነው ግን የተሸነፈበትን ምክንያት ሲረዳ ብቻ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 182 ፍርድ ምክንያቱን እንዲይዝ የሚያዝዘውም ለይግባኝ ሰሚው ብቻ አይመስለኝም። እንግዲህ ያነበባችሁት ፍርድ ለከሳሹም ለተከሳሹም ምስክሮች ክብደት የሰጠበትን ወይም የነሣበትን ምክንያት ያስረዳ እንደሆነ፣ የጠቀሰውም የሰበር (መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚታረምበት ችሎት) ውሳኔ ከጉዳዩ ፍሬ ነገር ጋር የሚመሳሰል እንደሆነ መርምሩ። በአዋጅ ቁጥር 454/1997፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ በመሆኑ፣ የታተሙትን የውሳኔዎቹን ቅጾች ማንበብ ግዴታችሁ ነው፤ ነገር ግን የመዝገብ ቁጥር መጥቀስና የውሳኔውን ፍሬ ነገር መረዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በሐዋሳ መለማመዳችሁ ሌላም ዕድል ይሰጣችኋል። በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሲዳሙ አፎ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ የሚናገር ባለጉዳይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ታያላችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ይህ በተግባር እንዴት እንደሚፈጸም፣ አስተርጓሚው የምስክሩን ቃል ሲያሳጥር ወይም ሲያለሰልስ ምን እንደሚጠፋ በጆሯችሁ ስሙ። ከቀበሌው ሽማግሌዎች ወይም ከሶንጎ (ከሲዳማ ባህላዊ የሽማግሌዎች ሸንጎ) አልፎ የመጣ ጉዳይ ሲያጋጥማችሁም፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 መሠረት ተከራካሪዎች ክርክራቸውን በስምምነት መጨረስ እንደሚችሉ አስታውሱና፣ ዳኛው ስምምነቱን ከመመዝገባቸው በፊት ፈቃዳቸው እውነተኛ መሆኑን፣ በተለይ የሴቶችን፣ እንዴት እንደሚያረጋግጡ አስተውሉ።

ስለ ሙያ ምርጫ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። በዚያው መዝገብ ላይ ዳኛው፣ ጠበቃው፣ የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ፣ ሬጅስትራሩ ሁሉም ፈርመውበታል፤ በወንጀል መዝገብ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉና ተከላካይ ጠበቃው ይጨመራሉ። «ከእነዚህ የየትኛውን ሥራ በየቀኑ፣ ሰው ሳያየኝ፣ ደስ ብሎኝ ልሠራው እችላለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የማዕረጉን ክብር ለጊዜው ተዉት። ብቻውን ማንበብና ማመዛዘን የሚወድ ሰው በችሎት መድረክ ላይ ቢደክም አይፈረድበትም፤ በክርክር የሚበረታውም ለዓመታት ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ ቢፈረድበት ይከብደዋል። ጥብቅና ብቻውን የሚሠራ ሰው ሙያ ነው ብላችሁ ከሸሻችሁትም፣ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ መፍቀዱን እወቁ።

ያነበባችሁትን የባለጉዳይ ስም ወደ ቡና ቤት አትውሰዱት፣ ገጹንም በስልክ ፎቶ አታንሡት፤ በዝግ ችሎት የታየ ነገር ደግሞ ለመምህራችሁ እንኳ በስም አይነገርም። በልምምዱ መጨረሻ ሳምንታት፣ ክርክሩ ያለቀና ለፍርድ የተቀጠረ ሌላ መዝገብ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና ከጭብጥ እስከ ውሳኔ ያለውን ፍርድ በራሳችሁ ረቂቅ ጻፉ። ዳኛው ጊዜ ካገኙ ረቂቁን አሳዩአቸው፤ ካላገኙም የተሰጠው ፍርድ ሲነበብ ረቂቃችሁን ይዛችሁ ችሎቱ ውስጥ ተቀመጡና የተለያያችሁበትን እያንዳንዱን ነጥብ በኅዳጉ ላይ ጻፉበት።