ያልጻፍኩት አንድ አንቀጽ፦ ለወጣት ጠበቆች

ባለፈው ሳምንት የጥብቅና ፈቃድ ካወጣች ዓመት ያልሞላት ወጣት ቢሮዬ መጥታ፣ «ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከሆነ፣ በክስ አቤቱታዬ ላይ ብጠቅሰው ዳኛው ምን ያደርግልኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። የረባ መልስ ሳልሰጣት ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ይህንኑ ጥያቄ በ1989 ዓ.ም. ራሴን ጠይቄ የተሳሳተ መልስ ሰጥቼው ነበርና።

ደንበኛዬ ባለቤታቸው የሞቱባቸው በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ነው ተብሎ የተወሰደባቸው ቤት፣ እርሳቸው እንደሚሉት፣ ይኖሩበት የነበረ እንጂ ትርፍ አልነበረም። የግብር ደረሰኞቹን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው፣ የታጠፈውን ሁሉ በመዳፋቸው እያቃኑ፣ አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩልኝ። ክስ መሠረትን። ተከሳሹ መሥሪያ ቤት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት መቃወሚያ አነሳ፤ እንዲህ ያለውን አቤቱታ የሚያየው የአስተዳደር አካል ስለሆነ ፍርድ ቤቱ የመዳኘት ሥልጣን የለውም የሚል ነበር። ለመቃወሚያው አራት ገጽ ሙሉ መልስ ሰጠሁ፤ በሥራ ላይ ከዋለ ገና ሁለት ዓመት ስለሆነው ሕገ መንግሥት ግን አንድ መሥመር አልጻፍኩም። መልሱን በታይፕ የምትመታልኝ ጸሐፊ፣ ማታ ማታ ትማር ስለነበር ይሆናል፣ ወረቀቱን ከመሣሪያው ሳታወጣ «ጋሼ፣ አንቀጽ 37 አይገባም?» አለችኝ፤ ፍትሕ የማግኘት መብትን የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ ማለቷ ነበር። «እሱ ለፖለቲከኞች ነው» ብዬ አለፍኳት።

መቃወሚያው ተቀባይነት አገኘና መዝገቡ ተዘጋ። ይግባኝ ስል አንቀጹን አነሳሁ። የመሐሉ ዳኛ ቀና ብለው «በሥር ፍርድ ቤት አንስተኸዋል?» ሲሉኝ «አላነሳሁም» አልኩ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 329 በይግባኝ የሚከለክለው አዲስ ፍሬ ነገር እንጂ አዲስ የሕግ ክርክር አይደለም ብዬ መሞገት እችል ነበር፤ ነገር ግን ያ ነጥብ ትዝ ያለኝ ደረጃውን ወርጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ከታች ሲጠብቁኝ የነበሩት እናት «እና ልጄ፣ አሁን ማን ዘንድ ነው የምንሄደው?» አሉኝ።

አንቀጽ 37 ጉዳዩን ያሸንፍልን ነበር አልልም። ድንጋጌው በፍርድ ሊወሰን የሚገባን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል ማቅረብ እንደሚቻል ስለሚናገር፣ ተቃራኒ ወገንም ያንኑ አንቀጽ ሊይዘው ይችል ነበር። ሆኖም ያ የአስተዳደር አካል በእርግጥ የዳኝነት ሥልጣን አለው ወይ የሚለው ጭብጥ መዝገቡ ላይ ይሰፍር ነበር። የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄዎችን መርምሮ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚያቀርበውን የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሚያጠናክረው አዋጅ ቁጥር 250 እስከ 1993 ዓ.ም. አልወጣም ነበር ብዬ ራሴን አጽናንቼ አውቃለሁ፤ ጉባኤውን ያቋቋመው ግን ራሱ ሕገ መንግሥቱ ስለሆነ ማጽናኛው ውኃ አያነሳም።

ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 በየደረጃው ያሉ የዳኝነት አካላት ስለ መሠረታዊ መብቶች የሚናገረውን ምዕራፍ ሦስትን እንዲያከብሩና እንዲያስከብሩ ያስገድዳል፤ ዳኛ ደግሞ ምንነቱን ያልተረዳውን ነገር ሊያስከብር አይችልም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ስለ ሕፃን አስተዳደግ ሲወስን የሕፃናትን መብት የሚደነግገውን አንቀጽ 36ን እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ሥራ ላይ ያዋለው ጉዳዩን ወደ ሌላ አካል ሳይመራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዳኛው እንዲፈጽመው ጠይቁ፤ ትርጉም ይሰጥበት የምትሉት ሌላ መንገድ ሲታጣ ነው። ስለ አጣሪ ጉባኤው የወጣው አዋጅ ቁጥር 798/2005 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ጉባኤው የሚመራው ትርጉም እንደሚያስፈልግ ሲያምን መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ማሳመኑ የእናንተ ሥራ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 83 ለውሳኔ የተጠቀሰው ሠላሳ ቀን ደግሞ የሚቆጠረው ጉዳዩ ከአጣሪ ጉባኤው ለፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ፣ ለደንበኛችሁ ቀን አትቁረጡ።

የዛሬ ወጣቶች ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከእኔ በተቃራኒው ስታችኋል። ስለ እኩልነት፣ ስለ ፍትሕና ስለ ንብረት የሚናገሩትን አንቀጽ 25ን፣ 37ን እና 40ን በአንድ መሥመር ደርድሮ ከአቤቱታው ግርጌ እንደ ማጣፈጫ መነስነስ ልማድ ሆኗል፤ ከቴሌግራም የተቀዳ ለመሆኑ ከሌላ ሰው ጉዳይ ተርፎ የቀረው ስም ይመሰክራል። አንዳንዴ ጨርሶ ባትጠቅሱት ይሻል ነበር እላለሁ፤ ከላይ ያልኩትን እንደሚቃረን አውቃለሁ። በሌላ በኩል በ2012 ዓ.ም. የምርጫው መራዘም ለሕገ መንግሥት ትርጉም ሲቀርብ፣ የሕግ ምሁራን በአጣሪ ጉባኤው ፊት ሲከራከሩ በቴሌቪዥን የተከታተለ ተማሪ፣ እኛ በዕድሜው ያላሰብነውን ጥያቄ ይጠይቃል።

የወጣቷ ደንበኛ አቤቱታው በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ምክንያት ውድቅ የተደረገበት ሰው ነው። ለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለውን መመሪያ በፍርድ ቤት ማስከለስ የሚያስችል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለ፤ እኔ በዚያን ጊዜ ያላገኘሁት በር ነው። በማግስቱ ደውዬ መመሪያውን ራሱን ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት። ሐሙስ ከሰዓት ትመጣለች፤ የእናቲቱንም መዝገብ ግልባጭ ከመደርደሪያው አውርጄ አቧራውን ጠርጌዋለሁ።