ጭምጭምታ ወይስ አሉባልታ?

ጥያቄ፦ ለመሥሪያ ቤታችን መጽሔት «የደመወዝ ጭማሪ ሊደረግ ነው የሚል ጭምጭምታ አለ» ብዬ የጻፍኩትን አርታኢው «የሚል አሉባልታ አለ» ብሎ አረመው። ሁለቱ አንድ ናቸው እንዴ? (አንባቢያችን ከሐዋሳ)

መልስ፦ አንድ አይደሉም፤ እርማቱ ዜናዎን ማስተባበያ አድርጎታል። ጭምጭምታ ምንጩ ያልለየለት፣ ነገ እውነት ሆኖ ሊገኝ የሚችል ወሬ ነው። «አሉባልታ» ያለ ሰው ግን ወሬውን መሠረት የለውም ብሎ ፈርዶበታል። ጭማሪው በማግሥቱ ቢታወጅ «ጭምጭምታው እውነት ሆነ» ይባላል፤ «አሉባልታ» ብሎ የጻፈ ግን ያፍራል።

ልዩነቱ አብረዋቸው በሚሄዱት ግሦች ይታወቃል። ጭምጭምታ ይሰማል፤ አሉባልታ ይነዛል፣ ይናፈሳል፣ ይራገባል። «ጭምጭምታ ነዛ» የሚል አይገኝም፤ ጭምጭምታ ባለቤት የለውምና። ወሬኛ፣ ሐሜተኛ፣ አሉባልተኛ የሚሉ ስሞች ሲኖሩን «ጭምጭምተኛ» ግን የለንም። አሉባልታ ሲሉ ከበስተጀርባው የሚወቀስ ሰው አለ ማለት ነው። የሕዝብ ግንኙነት መግለጫዎችም ቃሉን የሚወዱት ለዚሁ ይመስለናል፦ ሳያስረዱ ለማስተባበል ይመቻል።

ሐሜት ሌላ ነው፤ በሌለበት የሚነሣ ሰው ይፈልጋል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሊወጣ ነው ቢባል ሐሜት አይሆንም፤ ባለሥልጣኑ ለዘመዱ ቤት ሰጠ ቢባል ግን ይሆናል። ደግሞም ነገሩ እውነት መሆኑ ቢረጋገጥ ሐሜትነቱ አይቀርም። አሉባልታ ከተረጋገጠ ግን ስሙን ያጣል። ወሬ ከሁሉም ገለልተኛው ነው፤ «ምን ወሬ አለ?» ብሎ የጠየቀን ማን ይቆጣል?

ፍርድ ቤት ደግሞ የራሱ ቃል አለው። ምስክሩ በዓይኑ ያላየውን ከሌላ ሰምቶ ቢናገር «የስሚ ስሚ» ይባላል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ርእሱ «ሐሰተኛ መረጃ» ይላል እንጂ «አሉባልታ» አይልም፤ ስለዚህ ስለ ሕግ ሲጽፉ አንዱን በሌላው አይተኩ።

በጽሑፍ የሚበዛው ስሕተት «ያልተረጋገጠ ጭምጭምታ» እና «መሠረተ ቢስ አሉባልታ» ነው። ቅጽሎቹ ቃሉ ውስጥ ያለውን ስለሚደግሙ ይሰረዙ። «ጭማሪ አለ አሉ» የሚለው አነጋገር ለቡና ላይ ጨዋታ ያምራል፤ ለመጽሔት ግን «አሉ» ተነሥቶ ማን፣ መቼ እንዳለ ይግባ። የተናገረው ሰው ካልተገኘ «ጭምጭምታ አለ» ይበሉና የሚመለከተውን ክፍል ጠይቀው ምላሹን ከሥሩ ያስፍሩ። መልስ ከነፈገዎትም መንፈጉን ይጻፉ።

አሉባልታን «አሉቧልታ» ብሎ የሚጽፍም አለ። የመረጡትን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አይቀያይሩት፤ «አሉ ባልታ» ብሎ ለሁለት መክፈል ግን አያስፈልግም።