በእርሳስ ጻፉ

የመርዝ ጥናትን ሙያ ልታደርጉ የምታስቡ ልጆቼ፣

እናቴ ከመደርደሪያው ጥግ ያለውን ብልቃጥ እያሳየች «የአይጥ መድኃኒት ነው፤ እንዳትነካ» ስትለኝ ገና ፊደል እየቆጠርሁ ነበር። መድኃኒት ከሆነ አይጧ ለምን ትሞታለች ብዬ ብጠይቃት «ዝም በል» አለችኝ። ዝም አላልሁም፤ ዕድሜዬን በእባብና በጊንጥ መርዝ ላይ የጨረስሁት በዚያው ጥያቄ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ድሬዳዋ ከዚራ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ከእኩዮቼ ጋር እቀመጣለሁ። ከመካከላችን የደም ግፊት ኪኒን የማይውጥ የለም። አንዳንዶቹ የሚወስዱት ኢናላፕሪል የካፕቶፕሪል ታናሽ ወንድም ነው፤ የካፕቶፕሪል መነሻ ደግሞ የብራዚል እፉኝት መርዝ ነው። ኪኒኑ በላቦራቶሪ የተሠራ እንጂ መርዝ እንዳልሆነ ባስረዳቸውም «እባብ ስታበላን ኖረሃል» እያሉ ይስቁብኛል። ሰርጅዮ ፌሬራ የተባለው ብራዚላዊ ተመራማሪ የመርዙን ምስጢር ያሳየው በ1965 ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ካፕቶፕሪል ለሕሙማን እንዲሰጥ የተፈቀደው በ1981። መካከሉን ቁጠሩት። ቸኩላችሁ ከሆነ ሌላ ሙያ ፈልጉ፤ ስለ ደመወዙም አትጠይቁኝ።

ከሁሉ የምቀናው ግን በዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድ ያላየ፣ ወንዝ ያልወረደ ማን ነበር? እሳቸው ግን ቆም አሉ።

እኔም በወጣትነቴ ቆም ብዬ አይቻለሁ፤ የጎደለኝ ሌላ ነበር። ሁለት ክረምት ከቆላው እየዞርሁ ጊንጥ ሰብስቤ በአልኮል ጠርሙስ አኖርሁ። የተያዘበትን ቦታና ቀን በእስክሪብቶ ጽፌ ከጠርሙሱ ላይ ለጠፍሁ። አልኮሉ ፈሰሰና ቀለሙን አጠበው። ሠላሳ ሰባት ጠርሙስ ስም አልባ ሆኖ ቀረ። እርሳስ ቢሆን ኖሮ አልኮል አያስለቅቀውም፤ ወረቀቱን ጠርሙሱ ውስጥ መጨመር ይቻል ነበር። ይህን የሚያውቅ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ አጠገቤ ነበር፤ እኔ ግን ሊቅ ነኝና አልጠየቅሁትም።

ቦታው ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። የእባብ ፀረ መርዝ የሚሠራው ፈረስን በጥቂት በጥቂቱ መርዝ እየወጉ ከደሙ ነው፤ ስለዚህ በደንብ የሚያድነው ፈረሱ ከተወጋበት መርዝ ነው። በህንድ እፉኝት መርዝ የተሠራው ለአፍሪካዊቷ ዘመዷ ሳይበጅ ቀርቶ ሰው ሞቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ንድፊያ እንደሚሞት ይገምታል። አብዛኛው ገበሬና እረኛ ነው።

እባብ ይዞ ፎቶግራፍ የሚነሣ ወጣት ሳይ ደሜ ይፈላል። በእኛ ሙያ ተነደፍሁ ማለት ጀብዱ አይደለም፤ ተዘናጋሁ ማለት ነው። ሰው ሲነደፍ ካያችሁም አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አታስሩ፤ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳታንቀሳቅሱ ሐኪም ቤት አድርሱት።

እባብ የምትፈሩም ሥራ አላጣችሁም። የአወዳይ ጫት ጭኖ የሚበር መኪና የሚሮጠው ካቲኖን የተባለው የጫቱ አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ በተቆረጠ በሁለት በሦስት ቀን ስለሚከስም ነው። በድርቅ የጠወለገ የማሽላ ቡቃያ ላም እንደሚገድል የሐረርጌ ገበሬ ያውቃል፤ መርዙን ሲያናይድ ብሎ ባይጠራውም። የባቢሌ ኦቾሎኒ እርጥበት ሲያገኘው የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ይህ ሁሉ ከቤታችሁ ደጅ ነው። ገበሬውን ስትጠይቁ ግን ተቀምጣችሁ ጠይቁ፤ ቆሞ ለሚጠይቅ ሰው ማንም እውነቱን አይነግርም።

ሠላሳ ሰባቱን ጠርሙሶች አልጣልኋቸውም። የጊንጦቹን ዝርያ በመልካቸው ለይቻለሁ። ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንዳነሣኋቸው ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።