ለልጄ ፊርማ ብዬ ቤቴን ልልቀቅለት?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አምድዎን አዘውትሬ አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ትዕግሥቴ አለቀ።

እኔና ባለቤቴ አሜሪካ ከተጋባን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖናል። አብረን ልጅ አልወለድንም። እኔ ነርሲንግ ሆም አዛውንት እየተንከባከብኩ፣ እሱ ታክሲ እየነዳ ቤት ገዛን። ሰው የሚያየው ይህንን ነው። ለወንድሞቹና ለእህቶቹ ገንዘብ ሲልክ አንድ ቀን ለምን ብዬው አላውቅም፤ እኔ መቶ ዶላር ስልክ ግን ደረሰኙን አሳዪኝ ይላል። እናቴ የሞተች ጊዜ ለቅሶ የመጣ ሰው ቤቱን ሞልቶት ሳለ "ሥራ አለኝ" ብሎ ወጣ። ያንን ችዬ ዝም አልኩ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ልብሱን ጠቅልሎ ጓደኛው ጋ ገባ፤ ወራት ቆይቶ የፍቺ ወረቀት በጠበቃው በኩል ላከልኝ። ሽማግሌ ላክሁበት። "በቃኝ" አለ። እሺ፣ ይብቃው።

ከፊተኛው ትዳሬ የወለድኳት አንዲት ልጅ አለችኝ። እኔ ከአገር ስወጣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ እንድትከተለኝ አልፈርምም ስላለ ከእናቴ ጋር ቀረች። እኔ ዜግነት እስካገኝ እሷ አግብታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አመለከትኩላት። ይኸው በስንት ጊዜው ተራው ደረሰና ሰነድ አስገቡ ተባልን። የሚመጡት እሷ፣ ባሏና ሁለት ልጆቿ ናቸው። የእኔ ገቢ በዓመት 39 ሺህ ዶላር አካባቢ ስለሆነ ስፖንሰርነቱን ብቻዬን አልሞላውም። ባለቤቴ አብሮኝ ሊፈርም ቃል ገብቶልኝ ነበር።

አሁን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የቀረ ዕቃውን ሊወስድ መጥቶ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ የነበረ የመብራት ቢል ፖስታ አነሣና ጀርባው ላይ "ቤቱ ለእኔ፣ ፊርማው ለአንቺ" ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። "ለሰው ልጅ በነጻ አልፈርምም" አለኝ። ሃያ ዓመት ስሟን እየጠራ ሰላም በሉልኝ ሲላት የኖረው ሰው! ፖስታውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ እስካሁን አለ።

የወንድሜ ልጅ ነርስ ነው፣ ጥሩ ደመወዝ አለው፤ ግን ወጣት ነው፣ በእኔ ጣጣ ላስገባው አልፈልግም። ሽማግሌዎቹ "ልጆቹ እስኪገቡ ፍቺውን አቆዩት፤ ቅጹ ላይ አብረን ነው የምንኖረው በሉ" ይላሉ። ልጄ ስለ ፍቺው የምታውቀው ነገር የለም፤ ላስጨንቃት አልፈለግሁም። እሷም ሰሞኑን ሥራ በዝቶባታል። ፋርማሲስት ናት፣ የራሷን መድኃኒት ቤት ከፍታለች። ባለፈው ስንደዋወል "እማዬ፣ ባንመጣስ?" አለችኝ። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤቱን ከለቀቅሁ የእርጅና መጠጊያዬ ሄደ። ካልለቀቅሁ ልጄን ሁለተኛ ጊዜ ጥያት ቀረሁ ማለት ነው። ልልቀቅለት? ለመሆኑስ ፍቺው ማመልከቻዋን ያበላሽባታል?

እናት ነኝ

---

እናቴ፣

"ባንመጣስ?" ላለችዎ ልጅ ምን ብለው መለሱላት?

የመለሱላት አይመስለኝም። ስለ ባለቤትዎ፣ ስለ ደረሰኙ፣ ስለ ለቅሶው ብዙ ጻፉልኝ፤ ልጅዎ ከአፏ ያወጣችውን ብቸኛ ቃል ግን "ደክሟት ነው" ብለው ዘጉት። እኔ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ለእሱ ስል ነው። ባሏና ልጆቿ ያሉባት፣ የራሷን ሥራ ያቆመች ሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ በድካም ብቻ አትጠይቅም። ሲያመለክቱላት አዲስ ሙሽራ ነበረች። አሁን ብትመጣ በሙያዋ ለመሥራት ፈተና ተፈትና፣ ልምምድ ሠርታ፣ ፈቃድ ማውጣት አለባት፤ ያ ዓመታት ይወስዳል። መድኃኒት ቤቷን ለማን ትታ? ባሏስ ምን ይላል? አያውቁም፤ አልጠየቋትማ።

አትምጣ ማለቴ አይደለም። ምናልባት የመምጣት ጉጉቷ ከእርስዎ የበለጠ ይሆናል፤ ፍርሃት ብቻ ሊሆን ይችላል ያናገራት። ግን ከአፏ መስማት አለብዎት። እርስዎ ስለ ቤት የሚደራደሩላት ያቺን የአሥራ አንድ ዓመት ሕፃን እያሰቡ ይመስለኛል። እሷን ጥለው አልሄዱም እኮ! አባቷ አልፈርምም ስላለ ነው የቀረችው። የእሱን እምቢታ እንደ ራስዎ ኃጢአት ተሸክመው ኖሩ፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው በዚያው ቁስል ገባብዎት። ባለቤትዎ ያንን ዋጋ የጠየቀው የት እንደሚያምዎ ስለሚያውቅ ነው። ይህ ያስቆጣኛል፤ በእሱ ልቆጣ እንጂ በእርስዎ አይደለም።

በእርስዎ የምቆጣው ፍቺውን ስለደበቋት ነው። ልጅ ናት ብለው ይሆናል፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። ደግሞ ለቃለ መጠይቅ ኤምባሲ የምትቀርበው እሷ ናት። ስፖንሰራችሁ ማነው፣ ከማን ጋር ይኖራል ቢሏት የማታውቀውን ልትመሰክር ነው? ዛሬውኑ ይደውሉላት። መጀመሪያ ስለ ፍቺው ይንገሯት፣ ከዚያ ጥያቄዋን ይመልሱላት፣ ከዚያ እሷ ስታወራ ዝም ብለው ይስሙ።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ፍቺው ማመልከቻውን አያበላሸውም። ያመለከቱት እርስዎ ነዎት፣ እናትነትዎን ደግሞ ፍርድ ቤት አያፈርሰውም። ባለቤትዎ የተፈለገው ለገቢው ብቻ ነው።

ታዲያ ቤቱን ሰጥተው የሚገዙት ፊርማ ምን ያህል የጸና ነው? ቪዛው እስኪመታ ድረስ ማንኛውም ፈራሚ በጽሑፍ "ትቼዋለሁ" ብሎ ፊርማውን ማንሳት ይችላል። ቤቱ በስሙ ከዞረ በኋላ ቢያነሣብዎትስ? ቪዛው ከተሰጠና ከገቡ በኋላ ደግሞ ግዴታው ልጅዎና ቤተሰቧ ዜጋ እስኪሆኑ ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ጊዜ እስኪቆጠርላቸው ይዘልቃል፤ ያ አሥር ዓመት ያህል ነው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ልጅዎን ለዚያን ያህል ጊዜ ማስተሳሰር ይፈልጋሉ? እኔ በምንም ዋጋ አልፈልግም።

የሽማግሌዎቹን ምክር ደግሞ አይስሙ። ስፖንሰሩ በሚፈርመው አይ 864 በሚባለው ቅጽ ላይ አብሮዎት የማይኖርን ሰው አብሮኝ ይኖራል ብለው ከፈረሙ በሐሰት ምለዋል፤ ጣጣው እርስዎንም የልጅዎንም ቪዛ ይነካል። በዚያ ላይ ፍቺውን ማዘግየት ሂሳቡንም ይጎዳዎታል። የሚጠየቀው ገቢ የአሜሪካ መንግሥት ከሚያወጣው የድህነት መለኪያ 125 በመቶ ነው። እርስዎ ብቻዎን ከአራቱ ጋር አምስት ሰው ናችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መለኪያ 47,062 ዶላር ነበር። ባል በሕግ ባል እስከሆነ ድረስ ባይፈርምም ከቤተሰብ ቁጥር ስለሚገባ ስድስት ትሆናላችሁ፤ ያኔ በዚያው መለኪያ 53,937 ይደርሳል። እሱን በወረቀት ባል አድርገው ማቆየት ወደ ሰባት ሺህ ዶላር ተጨማሪ ገቢ ያስጠይቅዎታል።

በዚያ በ2025 መለኪያ ለአምስት ሰው የሚጎድልዎ ስምንት ሺህ ዶላር ገደማ ነው። በገቢ የጎደለ በንብረት ይሞላል፤ በልጅዎ ዓይነት ጉዳይ የጎደለውን አምስት እጥፍ ማሳየት ያስፈልጋል፣ ያ 40 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ንብረቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችል መሆን አለበት፤ ቤት ከባንክ ዕዳው የተረፈ ዋጋው ይቆጠራል። አዩት? ለፊርማው ብለው ሊለቁለት የነበረው የቤት ድርሻ ፊርማውን ሊተካልዎ የሚችል ንብረት ነው። ድርሻዎ ስንት እንደሆነ ባላውቅም፣ ከስምምነቱ በፊት ቤቱን ያስገምቱ፤ ድርሻዎም በፍቺው ውሳኔ ላይ በቁጥር ይስፈር። ፖስታውንም ለፍቺ ጠበቃዎ ይስጡ። በእጁ ጽፎ በፊርማው ሊያስለቅቅዎ እንደሞከረ ጠበቃው ማወቅ አለበት። የኢሚግሬሽን ጠበቃና የፍቺ ጠበቃ ሁለት ሰዎች ከሆኑ እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ያድርጉ፤ አንዱ የሚያስፈርምዎ ወረቀት የሌላውን ሥራ ሲያፈርስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የወንድምዎን ልጅ በተመለከተ፣ ወጣትነቱን እርስዎ ወስነውለት አይለፉት፤ ይጠይቁት። ጆይንት ስፖንሰር (ተጨማሪ ዋስ) ሆኖ ከፈረመ የእርስዎና የእሱ ገቢ አይደመርም፤ ብቻውን መለኪያውን መሙላት አለበት። ላጤ ከሆነ እሱና አራቱ አምስት ሰው ስለሚሆኑ ቁጥሩ በ2025 መለኪያ ያው 47,062 ነው። ከመፈረሙ በፊት ግን ሁሉንም ይንገሩት፦ ልጅዎ ወይም ባሏ ገቢን መሠረት ያደረገ የመንግሥት እርዳታ ቢወስዱ ሰጪው ገንዘቡን ከእሱ ሊጠይቅ እንደሚችል፣ ያገባ ወይም የተፋታ እንደሆነ ግዴታው እንደማይቀርለት። ቅጹን ቤቱ ወስዶ ያንብበው። አይሆንልኝም ካለዎት አይቀየሙት።

ልጅዎ ትንሽ ታስብበት ካለችም ጊዜ አላት። ተራው ደርሶ ማስታወቂያው ከመጣ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ሳይደረግ ካለፈ ጉዳዩ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ሰነዱን ከሚቀበለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቪዛ ማዕከል ጋር የሚያደርጉትን ግንኙነት አያቋርጡ፤ ደብዳቤዎቹን ያስቀምጡ፣ የመለሱበትንም ቀን ይጻፉ። ቤቱን በተመለከተ ግን ከእሷ ጋር ተነጋግረው፣ ከጠበቃዎ ተማክረው ሳይጨርሱ ምንም አይፈርሙ።