መልስ፦ አሳታሚው «ከመጽሐፉ ይቀነስ» ስላለዎት ምዕራፍ

ስለ አንድ የመዘምራን መሪ በጻፉት ታሪክ ውስጥ ጫት የሚቅምበትን ምዕራፍ አሳታሚው እንዲቀንሱት እንደጠየቀዎት ጽፈውልኛል። ምዕራፉን አይቀንሱት። የመዘምራኑ መሪ ከሰዓት በኋላ ተደብቆ ጫት እንደሚቅም የሚያሳየው ክፍል ከወጣ፣ መጨረሻ ላይ ንስሐ ሲገባ አንባቢው ከምን እንደተመለሰ አያውቅም፤ ድሬዳዋ ያደገ ምእመን ደግሞ ጫት የማይነሳበትን የከዚራ (የከተማዋ ሰፈር) ታሪክ አያምንም።

አሳታሚው «ምእመናንን ያሰናክላል» ማለቱ ከልብ የመነጨ ስጋት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ 2ኛ ሳሙኤል 11 የዳዊትን ምንዝርና የኦርዮን ሞት ሳይሸሽግ ተርኮ፣ የሚዘጋው ድርጊቱ በእግዚአብሔር ፊት ክፉ እንደነበረ በመናገር ነው። የእርስዎንም ጽሑፍ በዚሁ ይመዝኑት፦ ምርቃናውን የሚያጣፍጡ መስመሮች ካሉ ይቁረጧቸው፤ መሪው ወደ መዝሙር ልምምድ ከመግባቱ በፊት አፉን ደጋግሞ የሚጉመጠመጥበትን ገጽ ግን አይንኩት፤ የመጽሐፉ እውነት ያለው እዚያ ነው።

አሳታሚው እምቢ ብሎ በራስዎ ገንዘብ ካሳተሙ፣ ከልምድ የማስጠነቅቅዎት በቅጂው ብዛት ላይ ነው። በኦፍሴት ኅትመት (ገጾቹ በተቀረጹበት የብረት ሰሌዳ፣ ማለትም በፕሌት፣ በሚታተምበት ዘዴ) የፕሌት ወጪው ለጥቂትም ለብዙም ቅጂ ያው ስለሆነ፣ ብዙ ሲያሳትሙ የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል፤ ይህ ስሌት ብዙ ጸሐፊዎችን ያጓጓል። መጻሕፍት መደብሮች ግን ብዙውን ጊዜ የሚከፍሉት መጽሐፉ ከተሸጠ በኋላ በመሆኑ፣ ገንዘቡ ለወራት ሊታሰር ይችላል። ስለዚህ የአንዱ ዋጋ ቢወደድም በመጀመሪያ ፕሌት በማያስፈልገው በዲጂታል ኅትመት ጥቂት ቅጂ ያሳትሙ፤ የቤት ኪራይዎን ገንዘብ በፍጹም አያስገቡበት።