«እንደራሴ» የማን ራስ ነው?

ጥያቄ፦ በ1924 ዓ.ም. የተሰበሰበውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ፓርላማ አባላት «የሕዝብ እንደራሴዎች» የሚል የታሪክ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። ያን ጊዜ ሕዝብ አልመረጠም፤ ቃሉ ይስማማል? ብዙ ቁጥሩስ «እንደራሴዎች» ነው «እንደራሴያን»?

መልስ፦ ለእኔ ጆሮ አይስማማም። ምክንያቱ ያለው ቃሉ ውስጥ ነው።

«እንደራሴ» እንደ፣ ራስ እና የአንደኛ መደብ አገናዛቢዋ -ኤ የተጣበቁበት ቃል ነው። ሿሚው «እንደ ራሴ ቁጠሩት» ያለለት ሰው ማለት ነው። ታናሽ ወንድሙ «ምስለኔ» ነው፦ ምስለ እና እኔ። ገዥው በሌለበት በስሙ የሚያስተዳድረው ሹም የእሱ «እኔ» አምሳል ነው። በሁለቱም ቃላት የሿሚው አንደኛ መደብ ደርቆ ቀርቷል። ስለዚህ ነው «የእነሱ እንደራሴ» ስንል «እንደራሳቸው» የማንለው፤ «እንደራሴዬ» ብንል እንኳ ሁለቱ «የእኔ» አይጋጩም። ሲጽፉ ክፍተቷን ይጠብቁ፦ «እንደ ራሴ አየዋለሁ» ተለያይቶ፣ «እንደራሴ አደረገው» ተጣብቆ። (ቃሉን ከራስ ማዕረግ ጋር አያይዘው «ራስን የመሰለ» የሚሉ አሉ። -ኤ ከየት እንደመጣች ግን አይነግሩንም።)

አሁን ወደ 1924ቱ ምክር ቤት። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው ባለ 55 አንቀጽ ሕገ መንግሥት ሁለት ቤት አቆመ። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን በመስፍንነት፣ በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ብዙ ካገለገሉት መካከል የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ ነው። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ናቸው። የመምሪያው ዋና ሥራ ከሚኒስትሮች የሚላክለትን ረቂቅ ተቀብሎ መምከር ነው። ከራሱ የመነጨ ሐሳብ ሲኖረው በፕሬዚዳንቱ በኩል ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀርባል፤ ሲፈቀድለት ይመክርበታል። ሚኒስትር ጠርቶ ለመጠየቅም አስቀድሞ ፈቃድ ያሻዋል። «ምክር ቤት» የሚለው ስም የዚያን ያህል በልኩ የተሰፋበት ዘመን አላውቅም፦ መካሪ እንጂ ቆራጭ አልነበረም።

እግረ መንገዴን ስለ «መምሪያ»። ቃሉ መራ ከሚለው ግሥ የወጣ የቦታና የመሣሪያ ስም ነው፤ ከወሰነ «መወሰኛ» እንደሚወጣው ሁሉ። ዛሬ ግን መምሪያ ሲባል ሰው የሚያስበው የመሥሪያ ቤት ክፍል ነው፦ የጤና መምሪያ፣ የትምህርት መምሪያ። በዚህ የተነሣ «የሕግ መምሪያ» የሕግ ጉዳይ ክፍል ይመስለዋል። «መሪ ከወሳኝ ይበልጣል» ብሎ መምሪያውን የላይኛው ቤት የሚያደርግም አለ። ተገልብጧል፤ የላይኛው ቤት፣ ማለት ሴኔቱ፣ መወሰኛው ነው። ጽሑፍዎ ላይ ስሙ መጀመሪያ ሲነሣ አንድ ሐረግ ጨምረው ይለዩት።

ወደ ክርክሩ እንመለስ። «እንደራሴ በሌላው ቦታ የተቀመጠ ሁሉ ነው፤ ማን መረጠው አይባልም» የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ «እንደ ራሴ» ሊል የሚችለው የራሱ ባለቤት ብቻ ነው እላለሁ። ሕዝብ ያላለውን «እንደ ራሴ» መኳንንቱ ሊሉለት አይችሉም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን የመምሪያውን አባላት ሕዝቡ በየአራት ዓመቱ እንዲመርጥ አደረገ። ከዚያ ወዲህ «የሕዝብ እንደራሴ» ሲባል አፌን ሞልቼ እቀበላለሁ። የመወሰኛው አባላት ያኔም በንጉሠ ነገሥቱ ለስድስት ዓመት የሚሾሙ ነበሩና ለእነሱ አይሆንም።

ይሁንና ማስረጃው ሁሉ ከእኔ ጋር አይደለም። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ዘመን አስመራ ላይ የተቀመጠው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ በራሱ በንጉሠ ነገሥቱ የተሾመ ስለሆነ ይረዳኛል። መስከረም 1909 ዓ.ም. ግን ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ የሆኑት በመኳንንቱ ምክር ነው። የራሷ ባለቤት ንግሥቲቱ፣ መራጩ ሌላ! ተከራካሪዬ ይህን ቢያነሣ መልስ ያጥረኛል። ጋዜጣውም መጽሐፉም የየትኛውንም ዘመን የምክር ቤት አባል «እንደራሴ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ስሕተት ነው ብዬ ቀይ መስመር አላሰምርበትም። እርስዎ ግን አራሚ ነዎትና፣ ከ1924 እስከ 1948 ላሉት «የመምሪያ ምክር ቤት አባል» ቢሉ አንባቢው ምርጫ ነበረ ብሎ አይሳሳትም።

«እንደራሴያን»ን ይሰርዙት። -ያን የግእዝ ነች፤ ጸሓፊ፣ ጸሓፍያን እንደሚባለው። «እንደ»ም -ኤም አማርኛ ናቸው፤ ግእዙማ «ከመ ርእስየ» ባለ ነበር። እንደራሴዎች ይበሉ። «ተወካዮች» የሚለውን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ስላጸደቀው ለዛሬው ምክር ቤት ከዚያ ሌላ መጻፍ አይቻልም። ቃሉ ራሱ ድርጊት ተቀባይ ነው፤ ሌላው የወከለው እንጂ «ራሴ» የሚል ድምፅ የለበትም፤ እኔ አልወደውም።