«ለማጥባት ስል መልቀቂያ ላስገባ?»

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ልጄ ሦስት ወር አልፎታል፤ የወሊድ ፈቃዴም አልቋል። ሐኪሜ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንድሰጠው መክራኛለች። አለቃዬ ግን «ልጁ ጠንከር እስኪል መልቀቂያ አስገቢ፣ በኋላ እንመልስሻለን፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበት» አለኝ። ሕጉ የማጥቢያ ሰዓት አይሰጠኝም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሐኪምሽ ልክ ናት። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ልጁን ከተቅማጥና ከሳንባ ምች ይከላከልለታል። አንቺንም ለጡት ካንሰር ያለሽን ተጋላጭነት ይቀንስልሻል።

ሕጉ ግን እዚህ ላይ ያጥራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። የማጥቢያ ሰዓት የሚል አንቀጽ የለውም። የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩ ከድርጅቱ ጋር የተፈራረመው) ካላችሁ እሱን አንብቢ፤ የተሻለ መብት ሊኖርበት ይችላል። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለም ጠይቂ።

አሁን ወዳልነገርሽኝ ነገር ልምጣ። የወለድሽበትን ቀን አልጻፍሽም። የፈረምሽው ወረቀት መኖር አለመኖሩንም አልነገርሽኝም። እነዚህን መዝለል አልነበረብሽም፤ ጉዳይሽ ያለው እዚያ ነው።

በአዋጁ አንቀጽ 87 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ፣ ከወለደችም በኋላ እስከ አራት ወር፣ ከወሊድ ጋር ያልተያያዘ ሕጉ የፈቀደው ምክንያት ከሌለ ልትሰናበት አትችልም። ልጅሽ ሦስት ወር አልፎታል። «እስከ ወሩ መጨረሻ» የተባለው አራት ወሩ ከሚሞላበት ቀን ጋር ገጥሞ እንደሆነ ቀን መቁጠሪያ ላይ እዪ። አራቱ ወር ቢያልፍም እርግዝናና የቤተሰብ ኃላፊነት ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት አይሆኑም።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ግን አሠሪው ሲያሰናብትሽ ነው። «በግል ጉዳዬ ምክንያት በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» ብለሽ ከጻፍሽ ያሰናበተሽ የለም፤ የለቀቅሽው አንቺ ነሽ። እናቶች ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አለቃው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ከልቡም ብሎት ይሆናል። ነገር ግን እሱ ራሱ ከስድስት ወር በኋላ እዚያ ወንበር ላይ ላይኖር ይችላል። «እንመልስሻለን» የሚለው ቃል በጽሑፍ የለም፤ የአንቺ መልቀቂያ ግን ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ብትመለሽ እንኳ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ነው፤ ደመወዙም እንደገና ድርድር ይሆናል። «ተገፍቼ ነው» ብትዪ ደግሞ ማስረዳቱ የአንቺ ሸክም ነው፤ ያለ ማስረጃ በጣም ከባድ ነው።

እባክሽ መልቀቂያ አትጻፊ። ይልቅ በጽሑፍ ጠይቂ፦ የምሳ ሰዓትሽ እንዲረዝምልሽ፣ ወይም አንድ ሰዓት ቀድመሽ እንድትወጪ፣ ወተት የምታልቢበት ዝግ ክፍልም እንዲሰጥሽ። የታለበ ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ ጥያቄሽ ለድርጅቱ ከባድ አይደለም። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አዘጋጂና አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ፊርማ ያስፍርልሽ። አለቃሽ በቴሌግራም የጻፈልሽ ካለ አታጥፊ።

ቀድሞውኑ ፈርመሽ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ጠበቃ ፈልጊ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይም። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ለጠበቃ አቅም ካነሰሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ ምክር ይሰጣል።

እኔ የመለስኩት በጻፍሽው ልክ ብቻ ነው፤ ወረቀቶችሽን ያየ ባለሙያ ሌላ ነገር ሊያገኝ ይችላል። የሥራ ውልሽን፣ የልደት ማስረጃውን፣ የፈቃድ ደብዳቤሽንና የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። እስከዚያ ምንም አትፈርሚ።